አንዱ ኅብስት በቆሮንቶስ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጌታ ራት የጻፈው ቃል በተግሣጽ መካከል የተነገረ መሆኑን ልብ በሉ።

ቆሮንቶስ ባለጠጋና ባሪያ የሚጋፉባት የንግድ ከተማ ነበረች። ሐዋርያው በዚያ 1 ዓመት ከ6 ወር አስተምሯል (ሐዋ. 18፥11)። ከሄደ በኋላ ግን ምእመናኑ ሲሰበሰቡ አንዱ የራሱን ራት ቀድሞ በልቶ ሲሰክር፣ ሌላው ይራብ ነበር (1ኛ ቆሮ. 11፥21)። ኅብስቱ አንድ ስለ ሆነ ተካፋዮቹም አንድ አካል መሆናቸውን በዚያው መልእክት አስተምሯቸዋል (10፥17)። ጌታ አልፎ የተሰጠባትን ሌሊት ያስታወሳቸውም ስለዚህ መከፋፈል ነው።

ሳይገባ መቀበል ሲባል የየግላችን ኃጢአት ብቻ ይታወሰን ይሆናል፤ እርሱም በእርግጥ አለበት። በቆሮንቶስ ግን ተግሣጹን ያስነሣው ምንም የሌለውን ወንድም ማሳፈር ነበር። ሐዋርያውም ለማዕድ ሲሰበሰቡ እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ አዘዛቸው።