በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሚገባ የአምባዛ ጫጩት የመጀመሪያ ሳምንታት አያያዝ

አምባዛ በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች በስፋት የሚገኝ፣ ቅርፊት የሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜውን ከውሃው ወለል አጠገብ የሚያሳልፍ የዓሣ ዝርያ ነው። ጠንካራ ነው ስለሚባል በጓሮ ገንዳ ዓሣ ማርባት የሚጀምሩ ዜጎች በቅድሚያ ይመርጡታል። ሆኖም ጫጩቶቹ በገቡ በመጀመሪያው ወር ውስጥ በብዛት ሊያልቁና ለገንዳው ግንባታ የወጣው ገንዘብ ሊባክን ይችላል። ለዚህ ብዙውን ጊዜ ምክንያት የሚሆነው ከሌላ ቦታ የመጣ በሽታ ሳይሆን የገንዳው አዲስነት ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል፤ ሳይበላ የቀረ መኖም ሲበሰብስ ይህንኑ ይጨምራል። በቆየ ገንዳ ውስጥ በግድግዳው፣ በወለሉና በማጣሪያው ላይ የሰፈሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደቀነሰ ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡም፤ በበቂ መጠን ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል። ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ ስለዚህ ለጤናማነቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

አምባዛን በተመለከተ በተለይ የሚያሳስት ነገር አለ። ይህ ዓሣ ወደ ላይ እየወጣ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችል ኦክስጅን ባነሰው ውሃ ውስጥም ይቆያል። አርቢው ዓሣው አልሞተም በማለት ይዘናጋል፤ አየር መሳቡ ግን ከመታፈን እንጂ ከአሞኒያ አያድነውም። ቆሻሻው የሚከማቸውም እርሱ በሚውልበት ወለል ላይ ነው።

ከጫጩት ግዥ በፊት

በሲሚንቶ የተሠራ ገንዳ ኖራነት ያለው ንጥረ ነገር ወደ ውሃው ስለሚለቅ የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል፤ ፒኤች ከፍ ሲል ደግሞ የአሞኒያ መርዛማነት ይበረታል። ስለሆነም ገንዳውን ሞልቶ ለአንድ ሳምንት ማቆየትና ማፍሰስ፣ ይህንንም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መደጋገም ይገባል። ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 8 ባለው ውስጥ መሆኑ በመለኪያ ወረቀት ሳይረጋገጥ ጫጩት ማስገባት አይመከርም። የቧንቧ ውሃ የሚጠቀሙ አርቢዎች ክሎሪኑ እንዲወጣ ውሃውን በክፍት በርሜል ቢያንስ ለአንድ ቀን ማሳደር ይኖርባቸዋል። የጉድጓድ ውሃ ኦክስጅኑ አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል ከከፍታ እየተንፏፏ እንዲገባ ማድረግ ይጠቅማል።

የገንዳው ወለል ወደ ማፍሰሻው ቀዳዳ ያዘነበለ ይሁን። ውሃው እስከ አፉ አይሞላ፤ አምባዛ በተለይ በዝናባማ ሌሊት ከገንዳ ወጥቶ በደረቅ መሬት የሚሄድ ዓሣ በመሆኑ መረብ ማልበስም አስፈላጊ ነው። የሚስማማው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በደጋ አካባቢ ያለ መጠለያ ዕድገቱ በጣም ይዘገያል። ገበያውንም አስቀድሞ ማጤን ብልህነት ነው፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ በሃይማኖታዊ ምክንያት የማይመገቡ በርካታ ቤተሰቦች አሉና።

ጫጩቶቹ ከገቡ በኋላ

ጫጩቶቹ የመጡበትን ከረጢት ሳይከፍቱ በገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ማንሳፈፍ፣ ከዚያም የገንዳውን ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ከረጢቱ መጨመር የሙቀት ለውጡን ያለዝባል። በመጀመሪያው ቀን መኖ አይሰጥ።

ለሌሎች ዓሦች በአዲስ ገንዳ ጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማስገባት ጥሩ ዘዴ ነው። ለአምባዛ ግን አይሠራም፤ ቀድሞ የገባው አድጎ ዘግይቶ የመጣውን ይበላዋል። የተሻለው መንገድ መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑትን በአንድ ጊዜ፣ ነገር ግን በቁጥር አሳንሶ ማስገባት ነው። በየሁለት ሳምንቱም ፈጥነው ያደጉትን ለይቶ ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖ ከመደበኛው ግማሽ አይበልጥ። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 10 ግራም የሚመዝኑ 200 ጫጩቶች በድምሩ 2 ኪሎ ግራም ይሆናሉ፤ የቀን መኗቸው በክብደታቸው 5 በመቶ ቢሰላ 100 ግራም ስለሚሆን በዚህ ወቅት 50 ግራም ይበቃቸዋል። በየማለዳው መኖ ከመስጠት በፊት ከወለሉ ላይ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ማፍሰስና የውሃውን አንድ አምስተኛ ያህል መተካት ይገባል። የሚፈሰው ውሃ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ማጣሪያ ካለ በክሎሪን ውሃ ማጠብ የተራቡትን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል በገንዳው ውሃ ብቻ ይለቅለቅ።

አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ አየር መሳብ የአምባዛ ተፈጥሯዊ ጠባይ ነው። ከውሃው ገጽ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ መንጠልጠል፣ መኖ መተው፣ የጢም ማጠርና መቁሰል፣ የስንጥብ ቡናማ መሆን ግን የአደጋ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ መኖ ወዲያውኑ ይቁም፤ ከወለሉ ላይ የውሃው ሩብ ወጥቶ ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነ ንጹሕ ውሃ ይተካ። ለሰው የተዘጋጀ መድኃኒት ገንዳ ውስጥ መጨመር ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ጨርሶ ችግሩን ሊያባብስ ይችላል። የታመመ ዓሣን ወደ ወንዝ መልቀቅም በጥብቅ ሊወገድ የሚገባው ነው።

ምልክቶቹ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሻሻሉ ወደ ቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም ወደ ወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት መሄድ ይገባል። ሲሄዱ እስከ አፉ ተሞልቶ የተከደነ የገንዳውን ውሃ ናሙና፣ በሕይወት ያለ የታመመ ዓሣ እንዲሁም የመኖ፣ የውሃ ለውጥና የሞቱ ዓሦች ቁጥር በየቀኑ የተጻፈበትን ደብተር ይዘው ይቅረቡ። ከሞተ ሰዓታት ያለፉት ዓሣ ለምርመራ ብዙም አይጠቅምም።