ኡኡታ ሰምቶ የወጣ

ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ፣ የዲማ ሰዎች! የቅኔው ተማሪም አኮፋዳህን እንዳነገትክ ና።

ሌሊት ሌባ ሲገባ ምን ይደረጋል? ኡኡ ይባላል፤ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል። የዛሬው ሌባ ግን የሚፈልገው ቤቱን ሳይሆን ኡኡታውን ሰምተው የሚወጡትን ነው።

ኤችአይቪ ይሉታል። በግንኙነት ጊዜ ስሱን ገላ አልፎ ሥር የሚሰደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቫይረስ ብቻ ነው። አንድ! ብቻውን ቢተውት ምን ሊሆን? ሰውነት ግን ባዕድ ገባብኝ ብሎ ይቆጣል፤ ሲዲ4 የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ወደ ሥፍራው ይጎርፋሉ። ቫይረሱ ከሴሉ ገጽ ላይ መጀመሪያ ሲዲ4 የተባለውን መያዣ፣ ቀጥሎ ሲሲአር5 የሚባለውን ይጨብጥና ይገባል። ያረፈ ሴል እምብዛም አይመቸውም፤ የነቃው ውስጥ ግን እንደልቡ ይራባል። አሥር ቀን ያህል በደም ምርመራ አይታይም። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ በአንጀት ያሉትን ሲዲ4 ሴሎች አብዛኞቹን ይፈጃል። ሰውየው ግን ጉንፋን ነው ብሎ ነጭ ሽንኩርቱን ያኝካል።

ጎረቤቱ ቀድሞውንም ያልተኛ ቢሆንስ? በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረሩ። እዚያው እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ ላይ ዝቪ ቤንትዊች የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የገቡትን ደም መረመሩ። ኤችአይቪ የሌለባቸው ሳይቀሩ ሴሎቻቸው ነቅተው ተገኙ፤ ብዙዎቹ የአንጀት ትል ነበረባቸው። በቤተ ሙከራ ከቫይረሱ ጋር ሲገናኙም እነዚያ ሴሎች ቶሎ ተያዙ። ትሉ ሲታከም ንቃቱ ረገበ።

«ታዲያ ኮሶ ብንጠጣስ?» የሚሉ እናት አይጠፉም። እማማ፣ የትል መድኃኒት ትልን ያወጣል እንጂ ኤችአይቪን አያስወጣም።

ኤችአይቪን ገና ሳይራባ የሚቀድመው ሌላ መድኃኒት ነው፤ ለቫይረሱ ከተጋለጡ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን ተጀምሮ 28 ቀን ይዋጣል። መርፌ የወጋት ነርስ ይህን ታውቃለች፤ ወዲያው ትሮጣለች። የተደፈረችውን ልጅ ግን ማን ያስሮጣት? ነገሩ እንዳይሰማ ተብሎ ቤት ትዘጋለች፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ እርቁ ሲወርድ አራተኛው ቀን ነግቷል።