እስጢፋኖስ እና እስታዲየም

ከዘነበወርቅ በታክሲ ወደ መሀል ከተማ ስንሄድ አንዷ ጓደኛችን «እስታዲየም ወራጅ አለ!» አለች። ከኋላ ወንበር ሳቅ መጣ። «ስታዲየም በይ እንጂ፣ ፋራ!» ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወረደች። እኛም አብረናት ወረድን፤ ወርደንም ዝም አልን። ይህቺ ጽሑፍ ያኔ ያልመለስነው መልስ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ በቃል መነሻ ላይ ሁለት ተነባቢ ያለ አናባቢ ሲገጥሙ ደስ አይለውም። «ክራር»ን ይታገሣል፣ «ስት»ን ግን አይችልም። መጨረሻ ላይ ሲሆን ችግር የለበትም። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራውን ሰፈራችንን ውሰዱ፤ ስሙ የሚያልቀው ር እና ቅ ተጣብቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርትም በ«ርት» ያበቃል። ሲጠራው የሚደናቀፍ አላየንም።

ፊደላችን ይህን ለይቶ አያሳይም። «ብርድ» ሦስቱም ሳድስ ናቸው፤ አናባቢ የሚሰማው ግን ከብ በኋላ ብቻ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ፣ በግዕዝ ፊደላት ላይ የአናባቢ ምልክት ሲቀጠል ሳድስ ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ያዘ። የቀረው ለአንባቢው ምላስ ተተወ።

ምላስ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲተረጎም «ስቴፋኖስ» የሚባል ስም መጣ። ተርጓሚዎቹ ከፊቱ «እ» አስቀድመው እስጢፋኖስ አሉት። ጓደኛችን በታክሲው ውስጥ ያደረገችው ይህንኑ ነው!

እንደ አክሱም ሁሉ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን የተቀበሉት ጆርጂያውያን ይኸው ስም ሲደርሳቸው «ስቴፓኔ» ብለው ዝም አሉ። ምን ቸገራቸው? «ትልጠናለህ» ለማለት «ግቭፕርትስክቭኒ» የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ «ትስ»ን እንደ አንድ ድምፅ ቆጥረን፣ ስምንት ተነባቢ ተሰልፎ አንድ አናባቢ መጨረሻ ላይ! ስፔኖች ግን እንደኛው ናቸው፤ ስሙን «ኤስቴባን»፣ ኳስ ሜዳውን «ኤስታዲዮ» ይላሉ። የማድሪድ ደጋፊ ሁሉ «ኤስታዲዮ» ሲባል ሰምቶ ፋራ ናቸው ብሎ ያውቃል?

መስቀል አደባባይ ቆማችሁ ዙሪያውን ብታዩ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና እስታዲየሙ ጎረቤቶች ናቸው። በሁለቱ ስሞች መካከል ከ1,300 ዓመት በላይ አለ፤ የምላሱ ሕግ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው በብራና ስለሰፈረ ተከበረ፣ ሁለተኛው በታክሲ ውስጥ ስለተነገረ ተሳቀበት።

ከእንግዲህ እኛ የዘነበወርቅ ልጆች «እስታዲየም ወራጅ!» የምንለው ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው።