የአዲስ ዘመን ዘገባ በውጭ መገናኛ ብዙኃን ሲጠቀስ፦ ከጎንደርና ከሰሜን ተራሮች አንጻር

በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን ጋዜጣ እና በ1935 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የእንግሊዝኛው ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ በኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ይዘጋጃሉ። የውጭ ዜና ወኪሎች ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ በቀላሉ የሚያገኙት የእንግሊዝኛውን ነው። የአማርኛው ዘገባ በአብዛኛው በትርጉም በኩል ያልፋል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመውና የየአገሩን መገናኛ ብዙኃን እየተከታተለ የሚተረጉመው ቢቢሲ ሞኒተሪንግ አንዱ መንገድ ነው።

የጋዜጣው ስም ሲጠቀስ «የመንግሥት» የሚል ቅጽል ይታከልበታል። ይህ የተናጋሪውን ማንነት ለአንባቢ የሚያሳውቅ የሙያ ልማድ እንጂ እንደ ነቀፋ የሚቆጠር አይደለም።

ስሕተት የሚበዛው በዘመን አቆጣጠርና በቦታ ስም ላይ ነው። የኢትዮጵያ ዓመት ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት ይለያል። «ከቀኑ 8 ሰዓት» የተባለውም በውጭው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው። «የ2011 በጀት ዓመት» የሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 እስከ ሐምሌ 2019 ያለውን ጊዜ ስለሚሸፍን፣ በአንድ ዓመት ብቻ ከተተረጎመ አኃዙ ይዛባል።

የቦታው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። «ሰሜን» የሚለው ቃል አቅጣጫንም የተራራማውን አገር ስምም ስለሚያመለክት፣ አካባቢውን የማያውቅ ተርጓሚ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ተራ «በስተሰሜን ያሉ ተራሮች» ሊያደርገው ይችላል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞንም በኋላ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ተከፍሏል። በቀድሞው አከላለል «ሰሜን ጎንደር» የተባለ የመተማ ክስተት ዛሬ ሲጠቀስ ምዕራብ ጎንደር መባል ይኖርበታል፤ የዛሬው ሰሜን ጎንደር መቀመጫ ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ ናት።

በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው እሳት የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዜናው ከአገር ውስጥ ወጥቶ በውጭ ተሰማ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጡ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቃጠሎው ስፍራ ስም በትክክል ካልተላለፈ የሚጎዳው ዋልያው ብቻ አይደለም፤ እሳት ያልደረሰበትን የፋሲል ግቢ ለማየት ያሰበ ጎብኚ ጉዞውን ሲሰርዝ፣ የደባርቅ አስጎብኚና በቅሎ አከራይም የዕለት ገቢውን ያጣል።

ስለዚህ ዘገባውን የሚጠቅስ የውጭ ጋዜጠኛ የጋዜጣውን ስም፣ የታተመበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ እንዲሁም የወረዳውንና የዞኑን ስም አብሮ ቢጽፍ አንባቢው ከዋናው ጽሑፍ ጋር ለማመሳከር ይችላል።