ጎተራ ለምን እግር አወጣ

ምንጃር ውስጥ ጎተራ ሲሠራ የሚጀመረው ከእግሩ ነበር። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይቀመጣሉ፤ በላያቸው ወፍራም እንጨት ይጋደማል። ልምጩ የሚጎነጎነው፣ ጭቃው በእበትና በጭድ ተለውሶ ውስጥና ውጭው የሚለቀለቀው፣ የሣር ክዳኑም የሚደፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ የምንላቸው የእናቴ ወንድም አዲስ ጎተራ ሲያዩ ጎንበስ ብለው ሥሩን ነበር የሚመረምሩት። ድመት እንደ ልቧ የማታልፍበት ከሆነ «ይሄማ ለአይጥ የተሠራ ነው» ብለው ያስነሱታል። ድመቷ እሳቸው ዘንድ አዳኝም መለኪያም ነበረች።

እኔ ኋላ ዕድሜዬን የፈጀሁት ቢሾፍቱ፣ በአንድ የወተት ላሞች እርባታ መጋዘን ውስጥ ነው። ፋጉሎ፣ ፍሩሽካና ድርቆሽ እየተረከብኩ አስረክብ ነበር። የመጋዘን ሰዎች ተሰብስበው ስለ አይጥ ከተነሣ ወሬው ሁሉ ስለ መግደል ነው፦ የትኛው መርዝ ፈጠነ፣ የማን ወጥመድ ያዘ፣ የማን ድመት ሰነፈች። ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሼ ሳጠናው ግን ሌላ ሰው አገኘሁ። አይጥን ከእህል ለዘመናት ያራቀው ግንበኛው ነው። ገዳዩ ተፈልጎ የሚጠራው ግንበኛው ሥራውን ሲተው ነው።

የእኛ አገር ገበሬ የሚታገለው በመርከብ ተጭኖ ከመጣ እንግዳ አይጥ ጋር ብቻ አይደለም፤ ብዙው ጠላቱ የአገሩ ተወላጅ ነው። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የአራዊት ናሙና ሰብስቧል። ከጣና በስተሰሜን ካለው ከደምቢያ የተገኘችውን የሣር አይጥ በሳይንሳዊ ስሟ «የደምቢያ» ብሎ መዘገባት። ቀይ ቀበሮን በሰሜን ተራሮች ስም የጠራውም እሱ ነው። በዪውና ተበዪዋ በአንድ ሰው መዝገብ ላይ ሰፈሩ ማለት ነው፤ ዛሬ ባሌ ላይ ያለው የቀይ ቀበሮ ቀለብ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነውና። በማሳ ላይ ገበሬውን ክፉኛ የምታስመርረው ደግሞ ባለ ብዙ ጡቷ አይጥ ናት። እስከ 24 ጡት ሊኖራት ይችላል፤ እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ልትወልድ ትችላለች። ዝናቡ ሲያምር ሰብሉ ያምራል፣ እሷም ትበዛለች። አጨዳው ሲያልቅና ማሳው ሲራቆት ወደ ክምሩ፣ ከክምሩም ወደ አውድማውና ወደ ጓሮው ትሸጋገራለች። እንዲህ የምትራባን ፍጡር ገድሎ መጨረስ እንደማይቻል የጥንት ሰው ሳይማር ያውቅ ነበር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ፍልስጤማውያን ታቦቱን ሲመልሱ፣ ምድራቸውን ስላጠፋው አይጥ አምስት የወርቅ አይጥ ሠርተው ከታቦቱ ጋር ይሰዳሉ። ወጥመዱ ካልሠራ ካሣ መክፈል ነበር የቀረው።

የደጋው ገበሬ መልስ እህሉን ከመሬት ማንሣት ነበር፤ የሐረርጌው ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ፣ ቀበረው። የማሽላ ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል። ውስጡ በገለባ ይለበጣል፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ ተደፍኖ አፈር ይለብሳል። የታፈነው እህል ሲተነፍስ በውስጡ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ በዚያ ውስጥ ነቀዝም አይጥም እንደ ልቡ አይኖርም። ሌላም ጥቅም ነበረው። ወታደር በባላገር ቤት እየተመራ በሚቀለብበት ዘመን፣ ከላዩ ከብት የሚረግጠው ጉድጓድ ከሁለት እግሩም በላተኛ ይሰውር ነበር። ዋጋው እርጥበት ነው፤ ግድግዳውን ተጠግቶ የተቀመጠው ማሽላ ይሻግታል፣ ሽታውም ገበያ ላይ ያስታውቃል። ገበሬው ግን ዳር ዳሩን ለሻጋታ ለቅቆ መሐሉን ማትረፍን መርጧል።

ቤተ ክህነትም ከመሬት የማንሣቱን ብልሃት አላጣችውም። ብራና ቆዳ ነው፤ ለአይጥ ከእህል አይተናነስም። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ይከተትና በጠፍሩ ከግድግዳ ችካል ላይ ይንጠለጠላል፤ ከወለሉ እርጥበትም ከአይጥም ይርቃል። እንግሊዛዊው ሮበርት ከርዘን እ.ኤ.አ. በ1837 በግብፅ በረሃ፣ በዋዲ ናጥሩን የሶርያውያን ገዳም የነበሩትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጎበኝ መጻሕፍታቸውን እንደዚሁ ተሰቅለው አገኛቸው፤ ነገሩ ቢገርመው በመጽሐፉ ውስጥ በሥዕል አስገባው። መነኮሳቱ ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር ሲኖሩም አሰቃቀሉን ይዘውት ሄደዋል።

ሚዛኑን ያዛባው ጆንያ ነው። ጎተራ አይንቀሳቀስም፤ ጆንያ ግን ይቆጠራል፣ ይመዘናል፣ መኪና ላይ ይጫናል። ገበያው እየሰፋ በሄደ ቁጥር እህል ከጓሮ ወደ መጋዘን ተጓዘ። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ ገበሬው ኮታውን በኩንታል እየሰፈረ ማስረከብ ግዴታው ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ማሳለጫ መንገዱ የሚያልፍበት ጎተራ ስሙን ያገኘው ከትልልቆቹ የእህል ማከማቻዎች ነው፤ የመንደሩ ጎተራ ግን በየጓሮው እየፈረሰ ሄደ። ብዙ ገበሬ እህሉን በጆንያና በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ከመኝታው አጠገብ ደረደረው። ሌባ ፈርተን አይጥን ቤት አስገባናት።

መጋዘኑም ቢሆን ለሰው እንጂ ለአይጥ ታስቦ አልተሠራም። አይጥ ሜዳውን አቋርጣ መሄድ አትወድም፤ ጢሟ ግድግዳ እየነካ ትሮጣለች። ጆንያ ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ ሲከመር የተሸፈነ መንገድ ይሆንላታል። ፋጉሎ ዘይቱ ገና ስላልተሟጠጠ ከሩቅ ይሸታታል፤ ፍሩሽካ ደግሞ ጎጆዋም ቀለቧም ነው። የምትበላው ከምታበላሸው ያንሳል። ሽንቷ የነካውን መኖ ላም አሽትታ ትተወዋለች፤ ካልተወችው ደግሞ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው፣ ከብት የሚያስጨነግፍና ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ አለ። በመዝገቤ ላይ «የተበላ» የሚል ዓምድ ነበረ፤ «የተሸናበት» የሚል አልነበረም። ትልቁ ኪሣራ ግን እሱ ነው።

ግንበኛው ገለል ሲል ገዳዩ ገባ። የዘመናዊው የአይጥ መርዝ ታሪክ ለመኖ ሰው ልዩ ትርጉም አለው፤ የተወለደው ከተበላሸ መኖ ነውና። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር መኪናውን እየነዳ ማዲሰን ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ መጣ። የጫነው የሞተች ጊደር፣ በወተት ማመላለሻ ዕቃ የተሞላ አልረጋ ያለ ደም፣ እንዲሁም ላሞቹ የበሉትን የሻገተ ስዊት ክሎቨር ድርቆሽ ነበር። የተቀበለው የኬሚስትሪ ሊቁ ካርል ፖል ሊንክ ነው። ከሻገተው ድርቆሽ ደምን እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለይቶ ለማውጣት የሊንክ ቡድን እስከ 1939 ለፍቷል። ከዚያ ሥራ የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መግደያነት ገበያ ላይ ዋለ። በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ፤ በዓመቱ የልብ ሕመም ያገኛቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም ታከሙበት። ዛሬ በአገራችንም ደም እንዳይረጋ ተብሎ ለልብ ሕሙማን ይታዘዛል።

የዋርፋሪን ብልሃቱ መዘግየቱ ነበር። አይጥ ተጠራጣሪ ናት፤ አዲስ ነገር ትቀምስና ትቆያለች፣ ከታመመች አትመለስበትም። ዋርፋሪን ግን የሚገድለው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ሕመሙን ከምግቡ ጋር ማያያዝ አትችልም። ብልሃቱ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ገና እ.ኤ.አ. በ1958 ስኮትላንድ ውስጥ መርዙን የሚችሉ አይጦች ታዩ። የበለጠ የከፉ መርዞች ተከተሉ፤ ከእነሱ አንዱ ብሮዲፋኩም በበላው እንስሳ ጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያል። እኛ ዘንድ በሰፊው የተሠራበት ሌላው ነው፦ ዚንክ ፎስፋይድ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ጥቁር ግራጫ ዱቄት። በአይጧ ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይሆናል። እርባታው ውስጥ በእህል ለውሰን ባስቀመጥን ማግሥት የሞቱትን እየለቀምን እንቀብራለን፤ ጭድ ክምር ውስጥ ገብቶ የሞተውን ግን የሚያገኘው ወይ አፍንጫችን ወይ የጎረቤት ድመት ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው ተረት ለዚህም ይሠራል፤ ዳዋው ድመቷና ጭልፊቱ ሆነው ቀሩ። ድመትና ጭልፊት በጠፉበት ግቢ ደግሞ ከመርዝ የተረፈችው አይጥ ያለ ጠላት ትራባለች።

የአይጥ ነገር መኪና ላይ የደረሰው በመጨረሻ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ አገሪቱ ካየቻቸው የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አንዱን አዲስ አበባ ድረስ ይዞ ሲገባ፣ በሞተሩ ዙሪያ አይጥ የምትመኘው ሽቦ ብዙም አልነበረም። ዛሬ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና እንኳ ውስጧ በሽቦ እስር የተተበተበ ነው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ፊቱ ከጀርባው ስለሚጠነክር ሲበላ ራሱን ይስላል። ስለዚህ የማይበላውንም ትቆረጥማለች። የደጋ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሞቅ ያለ ሞተር ማረፊያ ይሆናታል። የእርባታችን ፒክአፕ ፍሩሽካ ስትጭን ትውልና ማታ መጋዘኑን ተጠግታ ትቆም ነበር። አንድ ጠዋት አልነሣም አለች። መካኒኩ ኮፈኑን ሲከፍት የሞተሩ ጫፍ ላይ ጭድና የጆንያ ክር የተነጠፈበት ጎጆ፣ በአየር ፊልትሮው ውስጥ ደግሞ ስንዴ አገኘ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ መኪና አይደለችም፤ ቅርንጫፍ መጋዘን ነው የከፈታችሁት» አለኝ። የተበላውን ሽቦ እየቀጠለ የጠየቀው ገንዘብ ከአንድ ኩንታል ፋጉሎ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ባለቤቶች የሽቦው ሽፋን ከአኩሪ አተር የተሠራ ስለሆነ አይጥ ይጠራል ብለው አምራቾችን ከሰዋል። ሆንዳ ደግሞ የበርበሬ ማቃጠያ ያለበት የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር ይሸጣል። ያም ቢሆን ያው ገዳዩ ቤት የተፈለገ መፍትሔ ነው፤ መኪናዋ መኖ እየተንጠባጠበባት ከመጋዘን ጋር ተለጥፋ እያደረች በርበሬው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ለመልካም የተሠራ ነገርም ሳይታሰብ ለአይጥ መጠለያ ይሆናል። በትግራይ አፈሩን ከጎርፍ ለማዳን በየተራራው የድንጋይ እርከን ተሠርቷል፤ አፈሩም ተርፏል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ጥናት ግን እርከኑ ጥቅጥቅ ባለበት ማሳ አይጥ እንደሚበዛ አሳይቷል፤ በድንጋዩ መሐል ያለው ክፍተት ቤቷ ነው። ነቀዝን በአየር እጦት የሚገድለው ባለ ሦስት ንጣፍ ከረጢትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ለካሜሩን ገበሬ ብሎ የሠራው ሲሆን ለእኛም ገበሬ ብዙ እህል አትርፎለታል፤ አይጥ አንዴ ከበሳችው ግን ተራ ከረጢት ነው። የሐረርጌውን ጉድጓድ ጥበብ ወርሷል፣ የምንጃሩን ጎተራ እግር ግን አላወጣም። ከረጢቱን የሚገዛ ሰው ቆጥም አብሮ መሥራት አለበት።

በመጨረሻ እርባታው ውስጥ ያደረግነው አዲስ ነገር አልነበረም። ጆንያውን በእንጨት ፓሌት ከወለሉ አነሣነው፤ ከግድግዳውም ሰው ዞሮ የሚጠርግበትን ያህል አራቅነው። የበሩን ታችኛ ጫፍ በቆርቆሮ ለበጥን፤ የአይጥ ግልገል እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ትሾልካለችና ቀዳዳውን ሁሉ በሲሚንቶ ደፈንን። ተከፍቶ የተጀመረ ፋጉሎ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ እንዲያድር ሆነ። ፒክአፗ ተጠርጋ ግቢው መሐል፣ ገላጣው ላይ ማደር ጀመረች። አይጥ ከግቢው አልጠፋችም፣ እንድትጠፋም አልጠበቅንም፤ መኖው ውስጥ መውለዷን ግን ተወች።

የሚያስቸግረው የሒሳብ ክፍሉ ነው። የመርዝ መግዣ በየወሩ ይጠየቃል፤ ማንም ምንም ሳይል ይፈርማል። የቆርቆሮና የፓሌት ወጪ የተጠየቀው አንድ ጊዜ ነው፤ ለዚያ ግን ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ ማብራሪያ ጻፍ ተባልኩ። ከማብራሪያው በታች የሁለት ዓመት የመርዝ ደረሰኝ ደምሬ አያያዝኩበትና ገንዘቡ ተፈቀደ። አያቶቻችን ደረሰኝ አልነበራቸውም፤ ድምሩን ግን ከእኛ ቀድመው ሠርተውታል።