የከዋክብትን ልደት የመረመረው መምህር ባርት ቦክ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ስለ ከዋክብት ብዙ ጠይቋል። መውጫና መግቢያቸውን ተከታትሏል፤ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ዘመኑንም በእነርሱ ለክቷል። ነገር ግን የሰማይ ብርሃናት አንድ ጊዜ ተፈጥረው በዚያው የሚኖሩ ይመስለው ስለ ነበር፥ «ዛሬስ የሚወለድ ኮከብ አለን?» የሚለው ጥያቄ ለአእምሮው የቀረበለት እጅግ ዘግይቶ ነው። ይህን ጥያቄ የሕይወት ዘመን ሥራቸው ካደረጉት ሊቃውንት አንዱ ባርት ቦክ ነበር። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የእርሱን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥኩት ያልተረጋገጠ ሐሳብ ይዞ 36 ዓመት ሙሉ እየመረመረና እያስተማረ የኖረ መምህር ስለ ነበር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ቦክ በሚያዝያ 1906 ዓ.ም. ሆርን በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ቦይ ስካውት ሆኖ ከከተማ መብራት ርቆ ሲያድር የሌሊቱ ሰማይ ልቡን ማረከው። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ወደ ክሮኒንገን ተሻግሮ በ1932 ዓ.ም. የዶክትርና ማዕርግ ተቀበለ። የጻፈውም ኤታ ካሪኔ በተባለችው ኮከብ ዙሪያ ስላለው የሰማይ ክፍል ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ያ የሰማይ ክፍል ከኔዘርላንድ አድማስ በላይ ፈጽሞ ብቅ አይልም። ስለዚህ ወጣቱ ሊቅ ከአገሩ ሆኖ በዓይኑ ሊያየው ስለማይችለው ሰማይ፥ በደቡብ ንፍቀ ክበብ በተነሡ ፎቶግራፎች እየተመራ ጻፈ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ሰማይ እናየዋለን። በግንቦት ወር መጀመሪያ ሳምንታት፥ ደመና በሌለበት ምሽት በ3 ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው፥ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው በመስቀል ቅርጽ የተቀመጡ አራት ከዋክብት ያገኛል። የቦክ ጽሑፍ የተመለከተው ቦታ ከመስቀሉ በስተቀኝ ነው። በስተግራ ወረድ ብሎ ደግሞ ጨለማው ከጠራ፥ በፍኖተ ሐሊብ ነጭ ጎዳና ላይ የተቆፈረ ጥቁር ጉድጓድ የሚመስል ቦታ ይታያል። የከሰል ከረጢት ይሉታል። ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ ይህን ለማሳየት መምህሩ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

እንዲህ ያሉት ጥቁር ቦታዎች ምንድን ናቸው? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ኸርሸል የተባለው ዝነኛ ሊቅ በሰማይ ውስጥ ያለ ቀዳዳ፥ ማለት ኮከብ የሌለበት ባዶ ስፍራ መስለውት ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ባርናርድ በ1919 ዓ.ም. 182 እንዲህ ያሉ ጥቁር ነገሮችን ዘርዝሮ አሳተመ። በ1930 ዓ.ም. ሮበርት ትራምፕለር በከዋክብት መካከል ያለው ስፍራ ባዶ እንዳልሆነና በውስጡ የተበተነው ረቂቅ ትቢያ የከዋክብትን ብርሃን እንደሚያደክም አስረዳ። ስለዚህ ጥቁሮቹ ቦታዎች ቀዳዳ ሳይሆኑ ከበስተኋላቸው ያለውን ብርሃን የሚጋርዱ የጋዝና የትቢያ ደመናዎች መሆናቸው ታወቀ።

ቦክ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1929 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ፕሪሲላ ፌርፊልድን አገባ። የተዋወቁት ከአንድ ዓመት በፊት በላይደን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ጉባኤ ላይ ነበር። ፕሪሲላ በዕድሜ አሥር ዓመት ትበልጠዋለች፤ በ1921 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ አግኝታ በኮሌጅ ታስተምር ነበር። እርሱ ገና ተማሪ ሳለ እርስዋ መምህርት ነበረች ማለት ነው። ከጋብቻው በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ከባልዋ ጋር የምትመራመረውና የምትጽፈው ያለ ደመወዝ ነበር። ዘመኑ ለተማሩ ሴቶች የፈረደባቸው ይህን ነበር፤ ስለዚህ የእርሱን ሥራ ስናነሣ የእርስዋን ድርሻ ማጕደል ተገቢ አይመስለኝም። በ1941 ዓ.ም. ሁለቱ አብረው ስለ ፍኖተ ሐሊብ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የተጻፈው ለሊቃውንት ብቻ ሳይሆን ለተማሪና ለማንኛውም አስተዋይ አንባቢ ነበር።

በዚያ ዘመን ቦክን ያስጨነቀው የዕድሜ ነገር ነው። ከዋክብት ስብስቦች ሆነው ሲጓዙ የፍኖተ ሐሊብ የመሳብ ኃይል ቀስ በቀስ እንደሚበትናቸው በሒሳብ አሳይቶ ነበር፤ ሳይበተኑ የሚታዩት እንግዲህ እጅግ ያረጁ ሊሆኑ አይችሉም። በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ የከዋክብት ብርሃን ከሃይድሮጂን መዋሐድ እንደሚመነጭ ሲታወቅ ነገሩ ይበልጥ ተገለጠ። ከፀሐይ 20 ጊዜ የሚከብድ ሰማያዊ ኮከብ የፀሐይን ብርሃን በብዙ አሥር ሺህ እጥፍ ያበራል፤ ማገዶውን ግን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ይጨርሰዋል። ምድራችን 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያህል ስትኖር፥ እንዲህ ያለው ኮከብ ትናንት የተወለደ ሕፃን ነው። ትናንት የተወለደ ካለ፥ ዛሬም የሚወለድበት ስፍራ መኖር አለበት።

ቦክ ይህን ስፍራ አገኘሁት ያለው በ1947 ዓ.ም. ነው። ከኤዲት ራይሊ ጋር ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፥ በሚያበሩ የጋዝ ደመናዎች ፊት እንደ ቀለም ነጠብጣብ ጥቁር ሆነው የሚታዩ ትንንሽ ድቡልቡል ደመናዎችን አመለከተ፤ እነዚህም ወደ ኮከብነት በመለወጥ ላይ ያሉ ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ትንንሽ ማለታችን በሰማይ ሚዛን ነው እንጂ ስፋታቸው አንድ የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፥ ከጥቂት እስከ ብዙ አሥር ፀሐዮች የሚያህል ጋዝና ትቢያ ይይዛሉ። አባጨጓሬ በሽፋን ተጠቅልሎ ቢራቢሮ እስኪሆን ከዓይን እንደሚሰወር ሁሉ፥ ኮከቡም በትቢያ ተሸፍኖ ይወለዳል ማለት ነው። ትቢያው የሌሎች ከዋክብት ብርሃን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከለክል፥ የደመናው ውስጥ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ጋዝ የመግፋት ኃይሉ ይደክማል፤ በዚህ ጊዜ የራሱ ክብደት ያሸንፈውና ወደ መካከል ይወድቃል። እየታመቀ ሲሄድ ይሞቃል፤ መካከሉ ወደ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ሲደርስ የሃይድሮጂኑ መዋሐድ ይጀምራል፤ ኮከብም ይሆናል።

ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ደመናውን ልዩ ያደረገው ያው ትቢያ በውስጡ ያለውን ሁሉ ከመነጽር ይሰውራል። ማንም ወደ ውስጥ ሊያይ አልቻለም፤ ስለዚህ ብዙዎች ሐሳቡን በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ ለመጠራጠርም በቂ ምክንያት ነበራቸው።

እኛ መምህራን ብዙ ጊዜ ሳይንስን የምናስተምረው እንደ ተዘጋ መዝገብ ነው። ሕጉን በሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ይመልሳል። ሕጉ ከመታወቁ በፊት ስንት ዓመት በጥርጣሬ እንደ ቆየ የሚነግረው ሰው ስለሌለ፥ ሊቃውንት ሁሉን ባንድ ቀን ያወቁ ይመስለዋል። ቦክና ፕሪሲላ በመጽሐፋቸው የሄዱበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። በ1941 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ በ1945፥ በ1957፥ በ1974 እና በ1981 ዓ.ም. እየታረመ እንደ ገና ታትሟል። አዲስ ነገር በተገኘ ቍጥር አሮጌውን ማረም አላፈሩም። መጽሐፉን በየእትሙ ያነበበ ሰው ዕውቀት እንዴት እንደሚያድግ በዐይኑ ያያል።

የመምህርነቱ ሥራም ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ ይደርስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በከዋክብት እየተመሩ መርከብ መንዳትን አስተማረ፤ ከፍራንሲስ ራይት ጋርም ለዚሁ ትምህርት መጽሐፍ ጻፈ። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ከቤተሰቡ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ብሉምፎንቴይን አጠገብ ባለው የቦይደን መመልከቻ አዲስ ቴሌስኮፕ ሲተከል ሠራ። በዶክትርና ጽሑፉ የመረመረው ሰማይ በዚያ ከአናቱ በላይ ነበር። በ1951 ዓ.ም. በሃርቫርድ ከሃይድሮጂን የሚወጣው የ21 ሴንቲሜትር የራዲዮ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዘ። የራዲዮ ሞገድ ትቢያን አልፎ ይመጣልና፥ ቦክ የራዲዮ ሥነ ፈለክ ትምህርት እንዲቋቋም ወዲያው ተነሣ። እርሱ ራሱ የመሣሪያው ባለሙያ አልነበረም። ይሁን እንጂ ካሠለጠናቸው ወጣቶች አንዱ ዴቪድ ሂሽን ከ1962 እስከ 1978 ዓ.ም. የአሜሪካን ብሔራዊ የራዲዮ መመልከቻ በዲሬክተርነት መርቷል።

በ1957 ዓ.ም. ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ የማውንት ስትሮምሎ መመልከቻ ዲሬክተር ሆነ። በዚያም ወጣቶች ለከፍተኛ ማዕርግ የሚሠለጥኑበትን ትምህርት አደራጀ። የካንቤራ ከተማ መብራት እያደገ ሰማዩን ማደብዘዙን ባየ ጊዜ ከከተማ የራቀ ሌላ ተራራ አስፈለገ፤ ሳይዲንግ ስፕሪንግ ተመረጠና በ1964 ዓ.ም. ባለ 40 ኢንች ቴሌስኮፕ ተተከለበት። በ1966 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተመልሶ የአሪዞናው ስቱዋርድ መመልከቻ ኃላፊ ሆነ። በኋላም የከሰል ከረጢትን ድቡልቡል ደመናዎች እንደ ገና መመርመር ጀመረ።

ስለ ኮከብ ቆጠራ የነበረውን አቋም ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በእኛ ቋንቋ «ኮከብ ቆጣሪ» ሲባል ሰው የሚያስበው የሥነ ፈለክን ሊቅ ሳይሆን ዕድል ነጋሪውን ነው፤ ግራ መጋባቱ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. ቦክ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ኮከብ ቆጠራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጀ፤ 186 የሳይንስ ሊቃውንትም ፈረሙበት። አንዳንዶች የጽሑፉን አነጋገር ትዕቢት አለበት ብለው ነቅፈዋል። በእኔ አስተያየት ግን፥ ገና ያልተረጋገጠ ሐሳብ ይዞ በትዕግሥት የሚኖር ሰው ያልተመረመረውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ የሚሸጥ ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም።

በዚያው በ1975 ዓ.ም. ፕሪሲላ ዐረፈች። የመጨረሻው የመጽሐፋቸው እትም በ1981 ዓ.ም. ሲወጣ ሁለቱም ስሞች በላዩ ነበሩ። በጥር 1983 ዓ.ም. ከትኩስ ትቢያ የሚወጣውን ከቀይ በታች ያለ ጨረር የሚያይ ሳተላይት ወደ ጠፈር ተላከ። ይህ ጨረር ከሚታየው ብርሃን ይልቅ ትቢያውን ሰንጥቆ ያልፋል። ሳተላይቱ ሰማዩን እየቃኘ ሳለ ቦክ በነሐሴ ወር 1983 ዓ.ም. ሞተ። በሁለቱ ባልና ሚስት ስም በተሰየመችው ትንሽ የሰማይ አካል ላይ ቀደም ሲል የተጻፈው ተራ ቍጥርም እንዳጋጣሚ 1983 ነው።

ሳተላይቱ የሰበሰበውን መዝገብ መርምሮ መጨረስ ዓመታት ወሰደ። በ1990 ዓ.ም. ዣዎ ዩንና ዳን ክሌመንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 248 ትንንሽ ድቡልቡል ደመናዎችን አንድ በአንድ አይተው፥ ሩብ ያህሉ በውስጣቸው ገና በመወለድ ላይ ያለ ኮከብ የሚያመለክት ጨረር እንደሚወጣባቸው አገኙ። የጽሑፋቸውም ርእስ ባርት ቦክ ልክ እንደ ነበረ በስሙ ጠርቶ የሚናገር ነበር።