ፓይተንን ሙግት ውስጥ የከተተው አንቀጽ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገራችን ሰው። «ነፃ» የሚባል ሶፍትዌርም ነፃነቱ የሚለካው በተጻፈለት ፈቃድ ነው።

ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን መሥራት የጀመረው በ1989 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ አምስተርዳም በሚገኝ የምርምር ተቋም ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ፈቃድ አጭር ነው፦ የባለመብቱን ስም ጠብቅ፣ ከዚያ እንደፈለግህ ቀይረህ አሰራጭ።

በ1995 ጊዶ ወደ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ወደሚገኝ ሌላ የምርምር ድርጅት ተዛወረ። በ2000 ሲለቅ ድርጅቱ ፓይተን 1.6ን በአዲስ ፈቃድ አወጣ። ፈቃዱ «በቨርጂኒያ ሕግ ይዳኛል» የሚል አንቀጽ ነበረው። ለተራ አንባቢ ምንም አይመስልም። የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ግን አልተቀበለውም። የእነርሱ ጂፒኤል ፈቃድ ተጨማሪ ገደብ ካለበት ኮድ ጋር ተዋህዶ መሰራጨትን አይፈቅድምና!

ልብ በሉ፤ ከኮዱ አንድ መስመር አልተበላሸም። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ፓይተንን ከጂፒኤል ፕሮግራም ጋር አዋህዶ ማሰራጨት ግን አጠያያቂ ሆነ።

መፍትሔው ድርድር ነበር። በ2001 የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ፈቃዱም ከጂፒኤል ጋር እንዲስማማ ተስተካከለ። ዛሬ ማንም ፓይተንን ቀይሮ መሸጥ ይችላል፤ የቀየረውን ኮድ እንዲያሳይም አይገደድም። የባለመብትነት ማስታወቂያውንና ፈቃዱን ይጠብቅ፣ የለወጠውን ባጭሩ ይግለጽ፤ በቃ።

ቅን ፈጣሪ ብቻውን አይበቃም። ጊዶ ያው ጊዶ ነበር፤ መብቱን የያዘው ተቋም ሲቀየር ግን ውሉም ተቀየረ። ስለዚህ በሰው ሥራ ላይ ቤታችሁን ከመሥራታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ።